ከእብጠት ጋር የተደረገ እርቅ

እርቅ መልካም ነገር ነው፤ ጠብ በሌለበት የሚደረግ እርቅ ግን ከጠብ ይከፋል። እውነትና ሐሰት ሲሟገቱ በመካከላቸው የሚቆም ሰው ራሱን ገለልተኛ አድርጎ ይቆጥር ይሆናል፤ በሥራው ግን ሐሰትን ግማሽ መንገድ ሸኝቷታል። ከዚህ በታች የሚተረከው የአንድ ቀን ታሪክ ይህን ያስረዳል።

ሰውየው ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ነበር። በሥራ ዘመኑ ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ ሜትሩን ይዘረጋል፣ ሁለቱንም ያደምጣል፣ በመጨረሻም ችካሉን መሐል ላይ ይተክላል። አንዱ ባለመብት ሌላው ቀማኛ ቢሆን እንኳ ችካሉ ከመሐል ንቅንቅ አይልም፤ ቀማኛው ግማሽ አትርፎ፣ ባለመብቱ ግማሽ ከስሮ፣ ሁለቱም ደክሟቸው ይለያያሉ። ጡረታ ሲወጣ ሜትሩን ለመሥሪያ ቤቱ መለሰ፤ ጠባዩን ግን የሚረከበው አልተገኘም። የሰፈሩ ሰው «አስታራቂው» እያለ ይጠራው ጀመር። ባልና ሚስት መስኮት ይከፈት ይዘጋ ብለው ቢጣሉ መስኮቱ ገርበብ እንዲል ፈረደ፤ ከዚያ ወዲህ ባልየው ይበርደዋል፣ ሚስትየዋን ያፍናታል። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ሶፋ ቢካሰሱ አናጺ አስጠርቶ ሶፋውን በመጋዝ አስገመሰው፤ እነሆ እስከ ዛሬ በሁለት ቤት ግማሽ ግማሽ ሶፋ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የሚቀመጥበት የለም፤ ጠቡ ግን ቆሟልና አስታራቂው ይህን ከትልልቅ ሥራዎቹ ተርታ ይቆጥረው ነበር።

ታናሽ እህቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ በግቢው የጀርባ ክፍል ትኖራለች። ሥራዋ መኪና መንዳት ማሠልጠን ነው፤ ቃሏ አጭር፣ ትዕግሥቷ ረጅም ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ ከግራ ጆሮዋ በታች፣ የመንጋጋዋ ማዕዘን ላይ፣ ሽንብራ የምታህል ጠጣር ነገር ወጣችባት። አትታመምም፣ አትቀላም፣ አትሞቅም። መጀመሪያ ንፍፊት ነው ተባለ። ቀጥሎ አንድ ጥርስ ሐኪም ነገሩ ከጥርስ የመጣ ነው ብሎ ጤነኛ መንጋጋ ጥርስ ነቀለላት፤ እብጠቱም ቦታ እንደ ተለቀቀለት ሁሉ እየሰፋ ሄደ። ሌላ ክሊኒክ ያዘዘላት እንክብል ጨጓራዋን ከማቃጠል በቀር የረባ ነገር አልሠራም። በመጨረሻ ትልቁ ሆስፒታል ስትደርስ ጭንቅላቷና አንገቷ፣ ደረቷም ጭምር ምስል ተነሣ፤ በወፍራም መርፌም ከእብጠቱ ናሙና ተወሰደ። የመጀመሪያው ላቦራቶሪ «ጠባሳ መሰል፣ ክፉ ያልሆነ» አለ። ሁለተኛው ናሙናውን ልዩ ልዩ ቀለም አቅልሞ ካየ በኋላ «ሳርኮማ» አለ። ቀዶ ሐኪሟ እህትየውን አስቀምጣ አስረዳቻት፤ ሳርኮማ ከጡንቻ፣ ከጅማት፣ ከስብና ከመሳሰሉት የሚነሣ ካንሰር ነው፤ በራስና በአንገት ላይ ሲወጣ ደግሞ እጅግ ብርቅ ስለ ሆነ ብዙ ሐኪም አንድም ሳያይ ጡረታ ይወጣል። «ስለዚህ ብቻዬን አልወስንም» አለቻት፤ «ረቡዕ ጠዋት ከባልደረቦቼ ጋር እንመክርበታለን። አንድ ዘመድ ይዘው ይምጡ።»

አስታራቂው ይህ ሁሉ ሲነገረው ስለ ካንሰር የተባለው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። በልቡ የቀረው ሁለት ላቦራቶሪዎች መለያየታቸውና ሐኪሞች ተሰብስበው ሊመክሩ መሆኑ ብቻ ነበር። ሁለት ወገን ካለና ስብሰባ ከተጠራ የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው ማን እንደ ሆነ ለሱ ግልጽ ነበር።

ረቡዕ ማለዳ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ከረባቱን በመስተዋት ፊት ሲያስተካክል ሚስቱ ከበሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ሐኪም ቤት ነው የምትሄደው ወይስ ልጅ ልትድር?»

«ሐኪሞቹ አልተግባቡም» አላት፤ «ሰው እንደ አለባበሱ ነው የሚደመጠው።»

«አንተስ መደመጡን ትተህ ብታደምጥ» አለችና ወደ ጓዳዋ ገባች።

የተሳፈሩት በእህትየው የማሠልጠኛ መኪና ነው፤ ጣሪያዋ ላይ «ተማሪ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎባታል። እህትየው ራሷ ስለ ነዳች አስታራቂው የአሠልጣኙ መቀመጫ ላይ ተቀመጠ፤ በዚያም ወገን ሁለተኛ ፍሬን አለ። በየመስቀለኛው መንገድ «እነሱም ይለፉ፣ እኛም እንለፍ» እያለ እግሩን ሲያሳርፍበት መኪናዋ እየተንገጫገጨች ትቆማለች፤ ከኋላ ያሉት ሾፌሮች አንገታቸውን አውጥተው ሰሌዳውን ያዩና «ምስኪን፣ ገና እየተማረች ነው» እያሉ ያልፋሉ። እህትየው ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ያስተማረችበትን መሪ ይዛ በየመስቀለኛው መኪናዋን መልሳ ታስነሣለች። ሻርፗን እስከ አገጭዋ ስባ ነበር። ሌሊቱን ያላስተኛት ነገር ሞት አይደለም፤ ሞትን ባሏ ላይ አይታዋለች። ያስጨነቃት ፊቷ ነበር፤ ሐኪሟ ከንፈርን የሚያንቀሳቅሰው የነርቭ ቅርንጫፍ ሊነካ እንደሚችል ነግራታለች፤ ለተማሪ «ግራ» ስትል አፏ ወደ ቀኝ የሚሄድ አሠልጣኝ ምን ዓይነት አሠልጣኝ ናት?

የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰፊ ስክሪን፣ በጠረጴዛው ራስ ላይ አንድ ባዶ ወንበር ነበረው። ወንበሩ የክፍሉ ኃላፊ መቀመጫ ነው፤ ኃላፊው በዚያ ሳምንት ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። አስታራቂው እህቱን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አስይዞ በሩን ከፈተ፤ «እንደምን አደራችሁ» አለ፤ ሄዶም ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሐኪሞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከረባቱን ያየው ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ተቆጣጣሪ መሰለው፤ ሽበቱን ያየው ከውጭ የተጋበዘ ፕሮፌሰር ነው ብሎ አሰበ፤ እያንዳንዱም የጋበዘው ሌላው ይሆናል ብሎ ዝም አለ። የተማረ ሰው አለማወቁን ለመግለጽ ሲያፍር ምን ያህል ከፍ ያለ ወንበር ለማንም እንደሚለቅ ከዚህ ይታወቃል።

«ሁለቱም ወገን ቀርቧል?» ሲል ጠየቀ አስታራቂው።

«አዎን ጌታዬ፤ ግራውም ቀኙም ምስል ተነሥቷል» አለ የምስል ሐኪሙ፤ «ቀኙ ንጹሕ ነው። ሳንባዋም ንጹሕ ነው፤ አልተሠራጨም።»

ከሁለተኛው ላቦራቶሪ የመጣው ናሙና መርማሪ ቀጠለ። የመጀመሪያው ላቦራቶሪ የደረሰው ከእብጠቱ ዳር የተቆነጠረ ጥቂት ቅንጣት ነበር፤ እሱ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ማይክሮስኮፕ ሥር አይቷል፤ ሳርኮማ ነው፤ ያውም ፈጥኖ ከሚያድገው ወገን።

«እነዚያኞቹስ ምን ይላሉ?»

«ደወልሁላቸው። ተሳስተናል አሉ።»

አስታራቂው ቅር አለው። ጥፋቱን ያመነ ወገን ለአስታራቂ ሥራ አይተውም። «ቶሎ እጅ መስጠት አያስፈልግም ነበር» አለ።

ቀዶ ሐኪሟ ወደ ስክሪኑ ቀርባ እቅዷን አስረዳች። ሳርኮማ በዓይን ከሚታየው ወሰን ውጭ እንደ ክር እየሳሳ ይገባል፤ እብጠቱን ብቻ ፈልፍሎ ማውጣት ዘሩን መበተን ነው። ስለዚህ ከዙሪያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ ሥጋ አብሮ ይነሣል፤ የምራቅ ዕጢውም፣ የመንጋጋው አጥንት ጠርዝም፣ መርፌው የገባበት መንገድም አብረው ይወጣሉ። ጉድጓዱ ከጭን በሚወሰድ ሥጋ ይሞላል፤ ቁስሉ ሲድን ስድስት ሳምንት ጨረር ይከተላል። ሐኪሞቹ በየተራ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆንስ?» አለ አስታራቂው።

«በምን መነሻ?» ስትል ጠየቀች ሐኪሟ በአክብሮት።

«በአርባ ዓመት ልምድ።»

ከወጣቶቹ ሐኪሞች አንዱ ይህን ማስታወሻው ላይ ጻፈው። «እሺ አንድ ተኩል» ቀጠለ አስታራቂው፤ «አጥንቱን እናንተ ተዉ፤ ዕጢውን እኛ እንተዋለን። ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ብትለቁ ነገሩ ዛሬ ያልቃል።»

«ይቅርታ፣ የየትኛው ክፍል ነዎት?»

«የቅየሳ።»

«የጨረር ልኬት ይሆናሉ» አለ አንዱ ለጎረቤቱ ቀስ ብሎ።

«የመሬት» አለ አስታራቂው ቀና ብሎ፤ «የታካሚዋም ታላቅ ወንድም ነኝ።»

ቀዶ ሐኪሟ ጠቋሚ ዘንጓን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አባባ» አለችው፤ «እዚህ ክፍል ውስጥ የተጣላ ሰው የለም። ሁላችንም አንድ ቃል ነን። እርስዎ ከእኔ ጋር ቢስማሙ እንኳ እብጠቱ ፈርሞ አይቀበልዎትም። አሁን ወጥተው ለእህትዎ ይህን ይንገሯት፤ አልጋ ተይዞላታል፤ ዛሬ እስከ ዐሥር ሰዓት ገብታ ካልተኛች ለተከታዩ ታማሚ ይሰጣል። የሚቀጥለው ተራ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እሷ ደግሞ ሁለት ወር የላትም። ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ድረስ መጥቼ ሁሉን አስረዳታለሁ።»

ጎንበስ ብሎ ወጣ። በሩ ከኋላው ሲዘጋ ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ። የሳቁት ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ ሰው በጠባብ ክፍል ስለ ሞት ሲያወራ አርፍዶ ድንገት ሲለቀው የሚስቀውን ሳቅ ነው። ነገር ግን ያ ሳቅ በአስታራቂው ጆሮ ገብቶ እዚያው ቀረ፤ የእህቱ አልጋ፣ ዐሥር ሰዓትና ሁለቱ ወር በሙሉ ከሥሩ ተቀበሩ።

እህትየው ከአግዳሚው ብድግ አለች። «ምን አሉ ጋሼ?»

እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። «ተስማሙ» አላት።

«በምን?»

«መጀመሪያማ አልተግባቡም። አንዱ አጥንት ይቆረጥ ይላል፣ ሌላው አይነካ ይላል። በኋላ እኔ ስገባበት ለዘብ አሉ። እብጠቷን ብቻ ቀለል አድርጎ ማውጣት ነው። መተኛትም አያስፈልግም።»

«አፌስ? አይጣመምም?»

«እኔ እያለሁ ማን ያጣምመዋል?»

«ሁለተኛው ላቦራቶሪስ?»

«ተሳስተናል ብለው ራሳቸው ደውለዋል።»

እህትየው ሻርፗን ከአገጭዋ ለቀቀችው፤ ከብዙ ቀን በኋላ ጥርሷ ታየ። እንዲህ ያለ ደስታ ያየ ሰው ውሸቱን ለማፍረስ ይከብደዋል፤ አስታራቂውም እየከበደው ሄደ እንጂ አላፈረሰውም። ይልቁንም ውሸቱን እውነት ለማድረግ ከምሳ በኋላ ወደሚያውቀው ሐኪም ወሰዳት።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ የፍራሽ መደብር አለ። ክሊኒከኛው ከአከራዩ ጋር በደረጃው ተጣልቶ በነበረ ጊዜ ያስታረቃቸው አስታራቂው ነው፤ በፍርዱ መሠረት የደረጃው ቀኝ ግማሽ ለፍራሽ፣ ግራ ግማሽ ለበሽተኛ ሆኗል። ስለዚህ ወንድምና እህት ከፍራሽ ክምር ጎን በጎናቸው እየተሽሎኮሎኩ ወጡ፤ ከላይ የሚወርድ አንድ እግሩ የታሰረ ሽማግሌ ስላጋጠማቸው ሦስቱም ፍራሽ ላይ ተለጥፈው ተላለፉ። ክሊኒከኛው የእግር ጥፍር ይነቅላል፣ ብጉንጅ ያፈነዳል፣ የስብ እብጠት ያወጣል፤ በዚህም ሰው አላማውም።

«የትልቁ ሆስፒታል ሐኪሞች ተሰብስበው ወስነዋል» አለው አስታራቂው፤ «ቀለል ተደርጋ ትውጣ ብለዋል። ተራ ከምትጠብቅ ብዬ ወዳንተ አመጣኋት።»

«ጋሼ ካሉ ምን እላለሁ» አለ ክሊኒከኛው።

አልጋው ላይ አስተኟት፤ መሐሉ ቀዳዳ ያለው አረንጓዴ ጨርቅ ፊቷ ላይ ዘረጉ፤ በቀዳዳው የታየው እብጠቱ ብቻ ነበር። ማደንዘዣው ተወጋ። እስኪደነዝዝ ድረስ ክሊኒከኛው በጣቱ ሲደባብሰው ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ይኼ አይንቀሳቀስም።»

«ቢንቀሳቀስ ይሻል ነበር?»

«የስብ እብጠት ከጣት ሥር ይሸሻል። ይኼ አጥንት የጨበጠ ይመስላል። እርግጥ ሁሉም ተስማምተዋል?»

«በሙሉ ድምፅ» አለ አስታራቂው፤ ይህን እንኳ አልዋሸም።

በዚህ ጊዜ የእህትየው ስልክ ጮኸ። እጇ ከጨርቁ ሥር ስለ ነበር ክሊኒከኛው አነሣላት፤ ጆሮዋ በጨርቁ ስለ ተሸፈነ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘላት።

«ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነው» አለች ነርሷ፤ «ለምን ቀሩ? ዶክተሯ አልጋዎ ድረስ መጥታ አጣችዎ። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ነው።»

«ተስማምተዋል ተብዬ…» አለች እህትየው፤ ግማሽ አፏ ስለ ደነዘዘ ቃሉ እየተንሸራተተ ወጣ። «ቀላል ነው፤ መተኛት አያስፈልግም ተባልሁ እኮ።»

«ማን አለዎት? ካንሰር ነው፤ ሁሉም ሐኪሞች በአንድ ቃል ነው የወሰኑት። ነገ ጠዋት የመጀመሪያዋ ተረኛ እርስዎ ነዎት። ድምፅዎ ምን ሆኗል? የነካካው ሰው አለ? ማንም እንዳይነካው፤ አሁኑኑ ይምጡ።»

ክሊኒከኛው ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጦ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ሸሸገ። «እኔ አልቆረጥሁም» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

እህትየው ተነሥታ ተቀመጠች፤ አረንጓዴው ጨርቅ አንገቷ ላይ ወድቆ እንደ ትልቅ የሕፃን ለሃጭ ጨርቅ ተንጠለጠለ። የግራ ከንፈሯ ወደ ታች ዘንብሏል፤ ያ የፈራችው መልክ አስቀድሞ መጥቶላታል፤ እሷ ግን ጨርሶ ልብ አላለችውም።

«ጋሼ፣ ምን አሉህ?»

«እስቲ እንረጋጋ። ነርሷም የራሷ ሐሳብ አላት፣ እሱም የራሱ…»

«ምን አሉህ?»

አስታራቂው ጫማውን አየ። «ሳቁብኝ» አለ።

«እና የሳቃቸው ካሣ የኔ አንገት ነው?»

አስታራቂው ከረባቱን አስተካከለ። «እንግዲያው እንዲህ እናድርግ» አለ፤ «ሁለቱንም ላለማስቀየም ግማሹ ዛሬ እዚህ ይውጣ፣ ግማሹን ነገ እነሱ ያውጡት።»

«ኧረ ጋሼ» አለ ክሊኒከኛው፤ «እኔ ከዚህ ነገር ግማሽም አልፈልግ።»

እህትየው ቦርሳዋን አንሥታ በፍራሾቹ ጎን ወረደች። አስታራቂው መንገድ ላይ ሲደርስ መኪናዋ ጥጉን ዞራለች። በእግሩ ወደ ቤቱ አዘገመ፤ ጥቁር ልብሱ ላይ የፍራሽ ጥጥ ተለጥፎ ነበር፤ ልጆች እያዩ ይስቃሉ። ሚስቱ በር ከፍታ ብቻውን ስታየው «እሷስ?» አለችው። «ሐኪሞቹ ዘንድ ቀረች» አለ። እራት ቀርቦ ሳይነካ ተነሣ።

እህትየው ሆስፒታል ስትደርስ የአልጋ መዳቢው ሠራተኛ ተከታዩን ታማሚ ደጅ አስቁሞ ስሙን ይጠይቅ ነበር። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። የተቆረጠው ሥጋ ጠርዙ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የግራ ከንፈሯ ጥግ ጥቂት ወደ ታች ቀርቷል፤ ጨረሩን ጨርሳ ሥራዋን ስትጀምር ተማሪዎቿ «ግራ» ስትል ወደ ግራ ዞሩ። ወደ ወንድሟ ግቢ ግን አልተመለሰችም፤ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተጋርታ ሌላ ቤት ተከራየች።

አስታራቂውም ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ አስታራቂ ፈለገ። አብረውት ሲሸመግሉ የኖሩትን የሰፈር ሽማግሎች ላከባት። እሷም አስተናግዳ ከሰማቻቸው በኋላ እንዲህ አለች፤ «እኔ ካሣ አልፈልግም። በፊታችሁ ቆሞ ዋሽቻለሁ ይበልና ዝም ይበል። ከዚያ በኋላ ምንም እንዳይጨምር።»

ሽማግሎቹ ቀላል ነው ብለው በተቆረጠው ቀን አስቀረቡት። አስታራቂው ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ዋሽቻለሁ» አለ፤ «ግን እነሱም ባይስቁ…» እህትየው ቦርሳዋን አነሣች። መልሰው አስቀመጧትና ደግመው እንዲናገር አደረጉት። «ዋሽቻለሁ፤ ነገር ግን ለደግ ነው» አለ። በሦስተኛው «ዋሽቻለሁ» ብሎ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ሁሉም እፎይ ሊሉ ሲሉ «ሆኖም» አለ። እሷ ተነሥታ ወጣች።

ሽማግሎቹ በዚያው ቀን ከመካከላቸው አሰናበቱት። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ለሽምግልና የጠራው ሰው የለም፤ እህቱም እስከ ዛሬ አላነጋገረችውም።